ቁልፍ ማመንጫው የት ላይ ይሳሳታል? ስለ አርኤስኤ ጥያቄና መልስ

አርኤስኤ የተባለውን የምስጠራ ዘዴ በፓይዘን ከባዶ ተነሥተው የሚጽፉ የጎጃም ወዳጆች ለላኳቸው ጥያቄዎች መልስ እነሆ። ፒ እና ኪው ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው)፣ ኤን የእነርሱ ብዜት፣ ፋይ ከየራሳቸው አንድ ተቀንሶ ሲባዙ የሚገኘው ውጤት፣ ኢ ይፋዊው፣ ዲ ደግሞ ምስጢራዊው ቁጥር ነው፤ ኢ እና ዲ ተባዝተው ለፋይ ሲካፈሉ 1 ሊቀር ይገባል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ዲ ከዜሮ በታች ሆኖ ይወጣብኛል። ቀመሩን ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ አንድ መስመር ቀርቶብዎታል። ፒን 11፣ ኪውን 23 አድርገው በወረቀት ይሥሩት፤ ኤን 253፣ ፋይ 220 ይሆናል። ኢ 3 ከሆነ፣ 220 ለ3 ተካፍሎ 73 ይደርስና 1 ስለሚቀር፣ ዲን የሚያሰላው የተራዘመው የኤውክሊድ ዘዴ −73 ይሰጥዎታል። ፋይን ሲደምሩበት 147 ያገኛሉ፤ ሦስት ጊዜ 147 ደግሞ 441፣ ማለትም ሁለት ጊዜ 220 እና ትርፍ አንድ ነው።

ጥያቄ (ከዚያው ሰው)፦ በዚሁ ትንሽ ቁልፍ 300ን አመስጥሬ ስፈታው 47 መጣ።

መልስ፦ መልእክቱ ከኤን በልጧል። 300 ለ253 ሲካፈል የሚቀረው 47 ነው፤ ቆራርጠው ይላኩት።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ በባለሦስት አሃዝ ቁጥሮች እየሞከርኩ ነው። አብዛኛው ቁልፍ ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ መልእክት በትክክል ሲፈታ ሌላው ይበላሻል። ብቸኛነትን የምፈትሸው 2ን ከቁጥሩ በአንድ ባነሰ ኃይል አንሥቼ ቀሪው 1 መሆኑን በማየት ነው።

መልስ፦ ጥፋቱ ፈተናው ላይ ነው። ከ1000 በታች ይህን ፈተና የሚያታልሉ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ እነርሱም 341፣ 561 እና 645 ናቸው። 341 የ11 እና የ31 ብዜት ሆኖ ሳለ በ2 ሲፈተን ብቸኛ መስሎ ያልፋል፤ በ3 ቢፈትኑት ግን ቀሪው 56 ስለሚሆን ወዲያው ይጋለጣል። ፕሮግራምዎ 341ን ፒ አድርጎ ሲወስድ ፋይ በሐሰት ይሰላል፤ መልእክቱ የሚበላሸውም ለዚህ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን 561 ነው። የ3፣ የ11 እና የ17 ብዜት የሆነው ይህ ቁጥር፣ የጋራ አካፋይ ከሌለው ከማንኛውም መሠረት (እንደ 2 እና 3 ለፈተናው በኃይል ከሚነሣ ቁጥር) ጋር ፈተናውን ያልፋል፤ ይባስ ብሎ፣ በእርሱ የተሠራው ቁልፍ መልእክቱን ሁሉ በትክክል ይፈታል። ስሕተቱን የሚነግርዎት ምልክት ሳይኖር ኤን በቀላሉ የሚበታተን ሆኖ ይቀራል ማለት ነው፤ ስለዚህ «መልእክቱ ተፈቷልና ቁልፉ ደኅና ነው» የሚለውን ማረጋገጫ አልቀበለውም። የሚለር ራቢን ፈተና የተባለውን ጠንካራ የብቸኛነት መፈተሻ በዘፈቀደ በተመረጡ መሠረቶች ደጋግመው ይጠቀሙ፤ እያንዳንዱ ዙር ሐሰተኛውን የማሳለፍ ዕድሉ ከሩብ አይበልጥም፤ 40 ዙር ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ባለ1024 ቢት ብቸኛ ቁጥር ፍለጋው ሲሠራ አደረ፤ መብራት ሄዶ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ አንድም አላገኘም።

መልስ፦ በየአካፋዩ እየሞከሩ ከሆነ ባትሪው ዓመት ቢቆይም አያገኝም። በዚያ መጠን ካሉ ጎዶሎ ቁጥሮች በአማካይ ከ355ቱ አንዱ ብቸኛ ስለሆነ፣ ከላይ ባልኩት ፈተና ፍለጋው በጣም ያጥራል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ የዘፈቀደ ቁጥሩን ማመንጫ በሰዓት ማስጀመር ምን ጉዳት አለው?

መልስ፦ በአንድ ቀን 86400 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። ቁልፉ የተሠራበትን ቀን ያወቀ ሰው ሁሉንም ሰከንድ ሞክሮ ፒን ራሱ ሊያመነጨው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ችግርም ከዚህ ጋር ይዛመዳል፤ አንድ የኮድ ለውጥ የዘፈቀደውን ምንጭ ከ32768 በማይበልጥ የፕሮግራም መለያ ቁጥር ብቻ እንዲወሰን አድርጎት ነበር። በፓይዘን «ራንደም» የተባለውን ሞጁል ለጨዋታ ይተዉት፤ ለቁልፍ «ሲክሬትስ» የተባለውን ይጠቀሙ፤ እስካሁን በሰዓት ያመነጯቸውንም ቁልፎች ይጣሏቸው።