«ጽዋ የማነሣበት ቤት የለኝም»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሳቢያን ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ቅዳሴ አላጓድልም። እዚያ የተዋወቅኋቸው እናቶች በየወሩ በ12 በሚጠጡት የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ እንድገባ ደጋግመው ለመኑኝ። አንድ ጊዜ ሄጄ በላሁ፣ ጠጣሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። ተራው ቢደርሰኝ በምን ቤቴ አስተናግዳለሁ? የማልመልሰውን መብላትስ ዕዳ አይሆንብኝም? ማስቀደሴ አይበቃም?
ወለተ ማርያም

መልስ፦ ወለተ ማርያም ልጄ፣ ስለ ጽዋ ምንነት አላስተምርሽም፤ ታውቂዋለሽ። እኔን የከነከነኝ «ዕዳ» ያልሽው ቃል ነው። ከማኅበር የቀሩ ሰዎችን ምክንያታቸውን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። እምነት ጎድሎባቸው የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ወንበር ጎድሎባቸው ነው የቀሩት።

ይህ ደግሞ የአንቺ ጥፋት ብቻ አይደለም። አንድ የማውቀው ማኅበር ውስጥ ከአባላቱ አንዱ ስለት ደርሶለት በተራው በግ አረደ። በደስታው ነው፤ አልፈርድበትም። የሚቀጥለው ባለተራ ግን ላለማነስ ብሎ ድንኳንና ወንበር ተከራየ፣ ከእርሱ ቀጥላ ያለችው ተበደረች። ዓመት ሳይሞላ የማኅበሩ እኩሌታ ቀረ። ማኅበረተኞች ይህን ካነበባችሁ ለእናንተም ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በማዕዳቸው ምክንያት ሲገሥጻቸው «የእግዚአብሔርን ማኅበር ትንቃላችሁን አንዳችም የሌላቸውንም ታሳፍራላችሁን?» አለ (1ኛ ቆሮ. 11፥22)። የሌለው አፈረ አላለም፤ ያለው አሳፈረው ነው ያለው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፤ ትንሽ ጠንከር ብል አትቀየሚኝ። አንቺን የያዘሽ ድህነት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ክፋቱ የትሕትና ነጠላ ለብሶ መምጣቱ ነው። ጴጥሮስም «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ሲል ትሑት የሆነ መስሎት ነበር። ጌታ ግን አላመሰገነውም። «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው እንጂ (ዮሐ. 13፥8)። መስጠትን ብቻ የሚያውቅ፣ መቀበል የሚያሳፍረው ሰው ገና ያልታጠበ እግር አለው።

ማስቀደሴ አይበቃም ወይ ላልሽው፣ እስቲ ራሱን ቅዳሴውን እንጠይቀው። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል ምን ታደርጊያለሽ? ወደ ግራሽም ወደ ቀኝሽም ዞረሽ እጅ ትነሻለሽ። ያች በቀኝሽ የቆመችው እናት ከበሩ ስትወጪ የምትሸሻት እናት ብትሆንስ? በውስጥ ሰግደሽላት በውጭ መንገድ ልትቀይሪባት ነው?

ቤት የለኝም ላልሽው ግን መሳቄን ይቅር በይኝ። ድሬዳዋ ላይ በዚህ ሙቀት ማን ቤት ውስጥ ተቀምጦ ያውቃል? ደግሞስ ይህች ከተማ የማን ናት? ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከየአገሩ በመጣ እንግዳ የቆመች ከተማ ናት። ዘመዱን ርቆ የመጣ ሰው ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው ማኅበርተኛውና ጎረቤቱ ነው። አንቺን የሚለምኑሽ እናቶችም አንድ ቀን እንደ አንቺ ሻንጣ ይዘው የመጡ፣ አለዚያም እንዲህ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው።

አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ክፍላቸው አልጋና ምድጃ ይዞ ያለቀ። ተራቸው ሲደርስ ግቢው ውስጥ አስተናገዱን። ግቢውን የሚጋሩት ሙስሊም ጎረቤታቸው የራሷን ምንጣፍ አውጥታ አነጠፈችላቸው። የቀረበው አንድ ድፎ ዳቦ ነበር፤ ቄሱ ባርከው ሲቆርሱት ለእያንዳንዳችን የደረሰን የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ጠላ የለም። አሮጊቷ ሲያድር የቀዘቀዘ ውኃ ከእንስራ እየቀዱ፣ በአንድ እጃቸው ብርጭቆውን፣ በሌላው ክርናቸውን ይዘው ሰጡን። አንድ ሽማግሌ ሦስት ጠጥተው አራተኛ ጠየቁ። ያን ዕለት «ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ ብቻ» (ማቴ. 10፥42) የሚለውን ላስተምር ተዘጋጅቼ አልነበረም፤ ግን ሌላ የማስተምረው ጠፋኝ። ጌታ የቆጠረው አንድ ጽዋ ውኃ ነው፤ እኛ ነን በግ የጨመርንበት።

እንግዲህ በመጪው 12 ሂጂ። ጽዋውን አንሺ ሲሉሽም እሺ በይ፤ አስቀድመሽ ግን ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለመሪው ማለቴ ነው፣ «አቅሜ ዳቦና ውኃ ነው» ብለሽ በግልጽ ንገሪው። እርሱ ፊቱን ካጠቆረ ወደ እኔ ላኪው። አከራይሽን ግቢውን ለአንድ ምሽት ለምኛቸው። ከእናቶቹ አንዷ ዳቦውን እኔ ልጋግርልሽ ካለችሽ እንቢ አትበያት። እንስራ ከሌለሽ ደግሞ ከአሁኑ ፈልጊ፤ አዲስ እንስራ በመጀመሪያው ሰሞን ውኃውን አፈር አፈር ያሰኘዋልና ደጋግመሽ አለቅልቂው።