ፈንገስ የጉድጓዳችንን አርሴኒክ ያጠፋልናል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ዝዋይ አካባቢ ነው። የግቢያችን የጉድጓድ ውሃ ሲመረመር በሊትር 50 ማይክሮግራም አርሴኒክ የተባለ መርዝ ተገኘበት። ልጄ ፈንገስ አርሴኒክ ያጣራል የሚል ቪዲዮ አይቶ፣ እንጉዳይ የበቀለበት ጭድ በርሜል ውስጥ እየነከረ ያጠልልናል። ከዚያ አፍልተን እንጠጣለን። የባለቤቴ መዳፍ ሻከረ። ከፋርማሲ ቅባት ገዝቶ አራት ወር ቢቀባም ለውጥ የለም። ፈንገሱ ይሠራል?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ፈንገሱ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን «ልጆቼን መርዤ ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። አይዞዎት። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 10 ማይክሮግራም ስለሆነ ውሃው ለመጠጥ አይሆንም፤ ጉዳቱ ግን የሚመጣው በዓመታት ክምችት ነው። ዛሬ ውሃ ከቀየራችሁ፣ በቅርቡ የገባው አብዛኛው አርሴኒክ በቀናት ውስጥ በሽንት ይወጣል።

ማፍላቱ ግን አስደንግጦኛል። ማፍላት ተውሳክ ይገድላል። አርሴኒክ ነፍስ የለውም፣ አይሞትም። ምድጃ ላይ ሲንተከተክ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። ሁለት ሊትር ጥደው አንድ ሊትር ከቀረዎት፣ በሊትር 50 የነበረው 100 ሆነ ማለት ነው። ሾርባውም ሻዩም ያው ነው። ክሎሪንም አያወጣውም። ቀለም፣ ሽታ፣ ጣዕም ስለሌለው «ውሃው እኮ ጥርት ብሏል» ማለት ምንም አያረጋግጥም። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚሉ ጎረቤቶችንም አይስሙ።

ፈንገሱስ? ልጅዎ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። እንደ አስፐርጊለስ ያሉ ሻጋታዎች፣ በተለይ የብረት ኦክሳይድ (ዝገት መሰል ነገር) ሲለበሱ፣ በቤተ ሙከራ አርሴኒክ ከውሃ ይይዛሉ። ግን የውሃው አሲድነትና የቆይታው ጊዜ ተለክቶ ነው። ሲጠግቡ መያዝ ያቆማሉ። የያዙትም አይጠፋም፣ እዚያው ጭዱ ላይ አለ። ጓሮ አይድፉት። ከእሱ የበቀለውን እንጉዳይም በፍጹም እንዳትበሉ።

አሁን ወደ መዳፉ። አራት ወር ሙሉ ሐኪም ሳያይ ቅባት መቀባት ምን ማለት ነው? መዳፍና ውስጥ እግር ላይ እንደ ጤፍ ወይም ማሽላ ፍሬ የጠጠረ ነገር፣ ደረትና ጀርባ ላይ የጠቆረና የነጣ ነጠብጣብ ካለ፣ የአርሴኒክ ምልክት ሊሆን ይችላል። አያሳክክም፤ ሰው ችላ የሚለውም ለዚህ ነው። ውሎ አድሮ ግን ወደ ቆዳ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። እዚያ ሳይደርስ ይታይ።

ለመጠጥና ለምግብ የተመረመረ የቧንቧ ውሃ ወይም በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ። ለገላና ለልብስ የጉድጓዱ ይበቃል። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ስለሆነ፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳውን ፍሎራይድም አስለኩ። ባለቤትዎ ግን በዚህ ሳምንት ቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የውሃውን ውጤትና የቅባቱን ማሸጊያ ይያዙ።