በቆሎን ያለ ኪኒን ስለማስቀመጥ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «አሥር ኩንታል በቆሎና ትንሽ ባቄላ አለን፤ መጋቢት ሳይደርስ ነቀዝ ይጀምረዋል፤ ትናንሽ ልጆች ስላሉኝ ኪኒን መጣል አልፈልግም፤ ሌላ ምን ይሻለኛል?» ላልሽው መልሴ ረዘም ይላል፤ ታገሽኝ። እኛ ቡሬ አካባቢ ነን። መሬታችን ጠባብ ነው፤ የምናመርተው ለዓመት ቀለብ ሆኖ ጥቂት ለገበያ ይተርፋል። ያንቺም ቤት ከእኛ ብዙ አይለይም ብዬ ነው የምጽፈው።

ኪኒኑን መፍራትሽ ልክ ነው። ፈሪ ነሽ የሚሉሽን አትስሚ። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል፤ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ሰውንም ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የተሠራው በደንብ ለሚታሸግ መጋዘንና ለሠለጠነ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግን ጆንያው ከመኝታ ራስጌ ተደግፎ ይቆማል፤ ኪኒኑም በገበያ እንደ ከረሜላ በፍሬ ይሸጣል።

አንደኛ፣ ማድረቅ። ነቀዝ ቤት ውስጥ የሚፈጠር ይመስለናል እንጂ ብዙውን ጊዜ ገና ከማሳው ከበቆሎው ጋር አብሮ ነው የሚገባው። ስለዚህ የደረሰውን በቆሎ ለሠርግና ለማኅበር ብለሽ ማሳ ላይ አታቆይው። ሸልቅቀሽ ከፈለፈልሽ በኋላ በሸራ ላይ አስጥተሽ አድርቂው፤ መሬት ላይ የተሰጣ እህል እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታልም። የተሰባበረውን ፍሬ አበጥረሽ አውጪው። መድረቁን በጥርስ ሰብሮ መለየት ለለመደው ሰው ጥሩ ነው፤ የጨው ዘዴ ግን ይበልጣል። ጨው ፀሐይ ላይ አድርቂ። ደረቅ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ በቆሎ ጨምሪበት፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው አክለሽ ክደኚውና አንድ ደቂቃ ያህል ነቅንቂው። ሩብ ሰዓት ያህል ካስቀመጥሽው በኋላ ጨው በጠርሙሱ ጎን ላይ ተለጥፎ ካየሽ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነውና ወደ ሸራው መልሺው። ጨው ካልተለጠፈም እኔ አንድ ቀን ፀሐይ እጨምርለታለሁ።

ሁለተኛ፣ ከረጢቱ። ፒክስ የሚሉት ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ነው፤ ውጪው እንደ ማዳበሪያ ጆንያ የተሸመነ፣ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፤ መቶ ኪሎ የሚይዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ለአተር መሰል ጥራጥሬ ብለው የጀመሩት ነገር ነው፤ ለበቆሎም ለባቄላም ይሠራል። መድኃኒት የለበትም። አፉ በደንብ ሲታሰር ነቀዙ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየር ራሱ ተንፍሶ ይጨርሳል፤ ከዚያ መብላት ያቆማል፣ አይራባም፣ ቀስ በቀስ ደርቆ ይሞታል።

ከረጢቱን ማግኘት ነው ጣጣው። በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ተቆልሎ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መጋዘን ያዡ ግን በመጀመሪያ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ደብዳቤውን ሳመጣ አባልነቱ በባለቤትሽ ስም ስለሆነ እሱ ይምጣ አለ። ባለቤቴ ሥራ ፈትቶ ሲሄድ ደግሞ ሰውዬው ስብሰባ ገብቷል። በመጨረሻ ሳገኘው ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «እናንተ ሴቶች ለጆንያ ይህን ያህል ምን ያጣድፋችኋል?» አለኝ። የዓመት ቀለብ በእሱ ቤት ጆንያ ነው! ስንት ሌሊት ስፈጭና ስጋግር የኖርሁትን ሴትዮ!

ባለቤቴ ተናድዶ ከገበያ ነጋዴ ገዛ። ጽሑፉ ያው፣ ቀለሙ ያው። ውስጡ ግን አንድ ላስቲክ ብቻ ነበረው፤ እሱም ስስ። ነጋዴው «ሁለት ነው፣ ተጣብቆ ነው» ብሎ ምሎ ነው የሸጠለት። በየካቲት ጆሮሽን ከረጢቱ ላይ ብታስጠጊ እንክት እንክት የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እጅ ሲገባበት ይሞቃል። ፍሬው ተቦርቡሮ ዱቄት ሆኗል፤ ዶሮዎቻችን ናቸው የጠገቡበት። ብንወስድለት «አይጥ ቀዶት ነው» አለ። ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ። ስለዚህ ገንዘብ ሳትሰጪ ላስቲኮቹን እዚያው አውጥተሽ ቁጠሪያቸው። አንድ በአንድ አየር ሞልተሽ፣ አፉን ጠምዝዘሽ፣ በብብትሽ ጨምቀሽ አዳምጪ፤ ትንፋሽ ከወጣው ተዪው። ነጋዴው ቢቆጣም ይቆጣ።

ስትሞዪው እየጠቀጠቅሽ አየሩን አስወጪ። የውስጠኛውን አፍ ጠምዝዘሽ፣ አጥፈሽ፣ በገመድ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ የውጪውን፣ እያንዳንዱን ለየብቻ። ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ድመት ከሌለሽ ድመት ፈልጊ፤ ላስቲክ ለአይጥ ጥርስ ምኑም አይደለም።

ከነቀዙ ይልቅ ያስቸገሩኝ አማቴ ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው። በጎተራ ያደጉ ሰው ስለሆኑ እህሉን በየሳምንቱ ዘግነው ካላዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ ነቀዙም ነፍስ ይዘራል ብል ማን ይስማኝ። ኋላ ላይ መላ አገኘሁ። እስከ ጥር የሚበላውን በተራ ጆንያ አድርጌ ለእሳቸው አስረከብሁ፤ የክረምቱን በፒክስ አሥሬ ከኋላ ደረደርሁት። አሁን የእሳቸውን ጆንያ እየከፈቱ ያያሉ፣ እኔም በሰላም አድራለሁ።

በባቄላው ግን እሳቸው አሸነፉኝ። ያንቺም ባቄላ ትንሽ ስለሆነ የእሳቸውን ዘዴ ያዢ፤ ከረጢት አያስፈልግሽም። ባቄላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለሽ በጋን አስቀምጪው። ጤፉ ክፍተቱን ሁሉ ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል፤ ጤፉን ራሱን ደግሞ ከደቃቅነቱ የተነሳ አይነካውም። ስትፈልጊ በወንፊት ትለዪዋለሽ። አመድም ይሠራል ይላሉ፤ እኔ ግን ብዙ ስለሚፈጅና ማጠቡ ስለሚያሰለች አልወደውም።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ሁለት ከረጢት ለገበያ ከፈትን። ነጋዴው ፍሬውን በጥርሱ ሰበር አድርጎ «ይህ የዓምናው ነው?» አለኝ። የዓምናው ነው አልሁት። ዋጋውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። በታኅሣሥ ሁሉም ሲያወርድ ብንሸጠው ኖሮ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነበር።

ከረጢቱን አትጣዪው፤ ካልተቀደደ ለከርሞም ያገለግላል። አዲስ የምትገዢ ከሆነ አዝመራው ሳይደርስ፣ አሁን በነሐሴ ተንቀሳቀሺ፤ በኅዳር ሁሉም ይሻማዋል። ወደ ማኅበሩ ስትሄጂም ደብዳቤውን፣ የአባልነት ደብተሩንና ባለቤትሽን አንድ ላይ ይዘሽ ሂጂ፤ ያ መጋዘን ያዥ እናንተም ጋ አለ።