ጥቁር ቀበቶ አለሽ፤ አሁን ሌላ ሙያ ተማሪ

ጥያቄ፦ «24 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ ዓመት ተኩል ሥራ ፈልጌ አላገኘሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቴኳንዶ ስለሠራሁ 1ኛ ዳን (የመጀመሪያው የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) አለኝ። አራት ኪሎ አካባቢ አነስ ያለ አዳራሽ ተከራይቼ ሴቶችን ራስን መከላከል ላስተምር አስቤያለሁ። እናቴ ‹ይሄ ደግሞ ሥራ ነው?› ትለኛለች። እንጀራ ይሆነኛል?»

እህቴ፣

ይሆንሻል። አዳራሹን ግን አሁን አትከራዪ። እናትሽንም አትቀየሚያቸው። ያስጨነቃቸው የወር ኪራዩ ይመስለኛል፣ እኔንም ያስጨንቀኛል።

ቴኳንዶ መሥራትና ራስን መከላከል ማስተማር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ስፓሪንግ (የቴኳንዶ ፍልሚያ) ላይ ዳኛ አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ ተጋጣሚሽም በክብደት ካንቺ ጋር ይቀራረባል። ተማሪሽ ግን ጉርድ ለብሳ፣ ቦርሳ አንግታ፣ ዝናብ ባረጠበው ኮብልስቶን ላይ ነው የምትያዘው። ሰው ሲደነግጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የተወሳሰበ እንቅስቃሴ ይጠፋበታል። ዘሎ መራገጥ እዚያ አይሠራም። የሚሠራው ቀላሉ ነው፦ በመዳፍ ታችኛው ክፍል አገጭ መምታት፣ በጉልበት ብሽሽት ማለት፣ የተያዘን እጅ በያዡ አውራ ጣት በኩል መንጥቆ ማውጣት፣ ከዚያ መሮጥ። ስልክ ነጣቂ ከሆነማ ስልኩን መስጠት ነው።

ከምቱ በፊት ደግሞ ድምፅ አለ። ወጣት ሳለሁ ሜክሲኮ የታክሲ ሠልፍ ላይ አንድ ሰው ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። «ልቀቀኝ» የምትል አንዲት ቃል አልወጣልኝም። ያን ጊዜ ቡጢ ባውቅ እንኳ እጄ የሚነሳ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን «ጨዋ ልጅ አትጮህም» እየተባልን ነው ያደግነው። ስለዚህ ተማሪዎችሽ «ልቀቀኝ!»፣ «አትንካኝ!» እያሉ በሙሉ ድምፅ ይጩኹ። የመጀመሪያው ቀን በዚህ ብቻ ቢያልቅም አይቆጭሽ።

ሌላው፣ የሚያጠቃው ማን ነው? ሁላችንም መጀመሪያ የሚመጣብን ማጅራት መቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ100 ሴቶች 23ቱ ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ያሳያል። ካገቡት መካከል በብዛት የተጠቀሰው አጥቂ ባል ነው። እንግዲህ ባልን፣ አለቃን፣ የእህትን እጮኛ በምን ቡጢ ታስተምሪያለሽ? በቅድሚያ የሚያስፈልገው «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ብሎ ቶሎ ማወቅ ነው። ከዚያ ይሉኝታን ሰብሮ ከቦታው መውጣት።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በካናዳ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች 893 የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎችን ተከታትሏል። ግማሾቹ የ12 ሰዓት ሥልጠና ወሰዱ። አደጋን መለየት፣ አጥቂው የሚያውቁት ሰው ሲሆን የሚመጣውን ማመንታት ማለፍ፣ ከዚያ የሰውነት መከላከል። በአንድ ዓመት ውስጥ ካልሠለጠኑት ከ100 ወደ 10 የሚጠጉት ተደፍረዋል፤ ከሠለጠኑት ወደ 5። ቁጥሩ ወደ ዜሮ እንዳልወረደ ልብ በይ። «ከእኔ የተማረች አትነካም» ብለሽ አትሽጪ። በጭንቅ ሰዓት ሰውነቷ የደነዘዘባትን ሴት ደግሞ ማንም ክፍልሽ ውስጥ እንዳይወቅሳት።

ሕጉንም እወቂ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊገታ የማይችል ከሆነና መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር ከተመጣጠነ ነው። ወድቆ መነሳት ያቃተውን ሰው እየደጋገሙ መምታት መከላከል አይደለም። ጥቃት የደረሰባት ተማሪ ስትመጣም ወዴት እንደምትልኪያት አስቀድመሽ ያዢ። ስታዲየም አጠገብ ጋንዲ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሥነ ልቦና ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። የፖሊስ ስልክ 991 ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አንድ በአንድ የሚመዘገቡ ተማሪዎችን አትጠብቂ፣ መሥሪያ ቤት ሂጂ። ከብሔራዊ ቲያትር እስከ ሠንጋ ተራ የባንክ ፎቅ ተደርድሯል። እዚያ የሚሠሩ ብዙ ሴቶች ሲመሽ ነው ታክሲ የሚጋፉት። ሆቴሎችም አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ ስለዚህ የሰው ሀብት ክፍሉ ጥያቄሽን የሚሰማበት ምክንያት አለው። ማርች 8 ሲደርስ ብዙ መሥሪያ ቤት ቲሸርት ያሳትማል፣ ኬክ ይቆርሳል። አንቺ በጥር ወር የሁለት ገጽ ፕሮፖዛል ይዘሽ ቀድመሽ ግቢ። በጀቱን መሥራት ለአካውንታንት ከባድ አይደለም፤ ዲግሪሽ እዚህ ጋ ይጠቅምሻል።

እስከዚያ ቴኳንዶ የምትሠሪበትን ክለብ ማስተር ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት አዳራሹን እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ስምንት ጓደኞችሽን፣ የጎረቤት ልጆችን፣ ከቻልሽ እናትሽንም ጥሪ። በነፃ አስተምሪያቸው። ፓድ (ምት የሚያበርድ መከላከያ) ለብሶ አጥቂ የሚሆን፣ የምታምኚው ወንድ አሠልጣኝ ይኑርሽ፤ ሴት ለሴት ብቻ ከተለማመዱ የክብደቱን ልዩነት አይቀምሱትም። የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስም ውሰጂ። የአካውንቲንግ ማመልከቻሽንም አታቋርጪ።

አራት ቅዳሜ ካስተማርሽ በኋላ ማን እንደቀረች፣ ለምን እንደቀረች፣ የቱ ልምምድ እንዳስፈራቸው ጽፈሽ አምጪልኝ። ፕሮፖዛሉን አብረን እናየዋለን።