መድኃኒት እየወሰድሁ እብጠቱ መመለሱ የእምነቴ ጉድለት ነውን?

ጥያቄ፦ በአንገቴ ላይ እብጠት ወጥቶ የንፍፊት ቲቢ እንደሆነ ተነግሮኝ መድኃኒት ከጀመርሁ ሦስተኛ ወሬ ነው። እየጎደለ የነበረው እብጠት አሁን ጨምሯል፤ በአጠገቡም ሌላ ወጥቷል። አብረውኝ የሚጸልዩ ሰዎች «እግዚአብሔር በመድኃኒት መታመንሽን እንዳልወደደ ምልክት ነው፤ ትተሽው በጸሎትና በጸበል ብቻ ጽኚ» ይሉኛል። በጾም ሰዓት መዋጡም ኅሊናዬን ይከብደኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ መድኃኒቱን አያቋርጡ። ጸሎቱንም ጸበሉንም አይተዉ፤ የእነዚህን ጥቅም ስለሚያውቁት አንደግምልዎትም። ይልቁንስ ብዙ ምእመናንን ሲያስት ያየነውን «ምልክት ነው» የሚለውን ቃል እንመርምረው።

በንፍፊት ውስጥ ያለው የቲቢ ተሕዋስ በመድኃኒት ሲሞት ሰውነት ተነቃቅቶ ቅሪቱን ስለሚዋጋ፣ ሕክምናው በሚገባ እየሠራ ሳለ እንኳ እብጠቱ ሊጨምር፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል። ሐኪሞች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ሆኖም ተሕዋሱ መድኃኒቱን ተቋቁሞ እንደሆነ የሚለየው በምርመራ ስለሆነ፣ ሳይዘገዩ ለሚከታተልዎ ሐኪም ያሳዩ። ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ሽንትንና እንባን ብርቱካናማ ቢያደርግም ይህንንም ሰዎች ምልክት ብለው እንዳይተረጉሙልዎ ይጠንቀቁ።

ከእብጠቱ መጉደልና መጨመር ተነሥቶ የእግዚአብሔርን ፈቃድ መተርጎም አዲስ ስሕተት አይደለም። በእንግሊዝና በፈረንሳይ ይህ ደዌ ለብዙ መቶ ዓመታት በንጉሥ እጅ መዳሰስ ይድናል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ከእ.ኤ.አ. 1660 እስከ 1685 የነገሠው ዳግማዊ ቻርልስ ብቻ ከ90,000 በላይ ሕሙማንን እንደ ዳሰሰ ይነገራል። ደዌው ለወራት ሲያብጥ፣ ደግሞም በራሱ ጊዜ ሲሟሽሽ የሚኖር በመሆኑ፣ ከመዳሰሱ በኋላ የጎደለለት ሁሉ በንጉሡ እጅ ዳንሁ አለ። ያልዳነው ግን ብዙ ነበር። ጸሐፊው ሳሙኤል ጆንሰን ሕፃን ሳለ እ.ኤ.አ. በ1712 ንግሥት አን ዳስሳው ነበር፤ አልዳነም፤ በኋላም ተቀዶ ጠባሳውን ይዞ ኖረ። የደዌው ምክንያት የታወቀው ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ተሕዋሱን ባገኘ ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሰዎች በደዌው ጠባይ ላይ የመንግሥትን ክብር ሲያነቡ ኖሩ፤ ዛሬ ደግሞ ወገኖችዎ በዚያው ጠባይ ላይ የእግዚአብሔርን ቍጣ ያነባሉ። ተሕዋሱ ግን ነገሥታትንም እምነታችንንም አይመሰክርም።

የንጉሥ ሕዝቅያስን ነገር ያስታውሱ። ለሞት በሚያደርስ ደዌ ታምሞ ሲያለቅስ፣ እግዚአብሔር ጸሎቱን እንደ ሰማ፣ እንደሚፈውሰውም በኢሳይያስ አፍ አስቀድሞ ነገረው። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (2ኛ ነገ. 20፥5-7)። የፈውስ ቃል ከእግዚአብሔር ከተሰማ በኋላ መድኃኒት ለምን አስፈለገ ብሎ ኢሳይያስን የሚከስ ማን ነው? ሲራክም ሕመምተኛው እንዲጸልይ፣ ልቡንም ከኃጢአት እንዲያነጻ መክሮ፣ ሐኪምም ከእርሱ እንዳይርቅ ያዝዛል፤ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና (ሲራ. 38፥9-12)። እዚህ ላይ ጸሎትና ሕክምና ሁለት ተፎካካሪ ጌቶች አይደሉም።

ለመካሪዎችዎም የምንለው አለን፤ በፍቅር እንላለን፣ ነገር ግን አናለዝበውም። ይህ ሕክምና በአብዛኛው ስድስት ወር ይወስዳል፤ በመጀመሪያው ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይሰጣል። በመካከል የሚያቋርጥ ሰው በሕይወት የቀረው ተሕዋስ መድኃኒቱን እየለመደ እንዲሄድ መንገድ ይከፍትለታል። ጌታ ከመቅደስ ጫፍ ዝለል በተባለ ጊዜ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰ (ማቴ. 4፥7)። የሌላውን ሰው መድኃኒት አስጥሎ ተአምር የሚጠባበቅ ይህን ፈተና የሚያቀርበው በራሱ ላይ ሳይሆን በወንድሙ ነፍስ ላይ ነው። ጉዳቱ ቢደርስ ተጠያቂነቱን ይሸከመዋልን? ሰዎቹ እርስዎን ሸሽተው ከሆነም፣ ሳንባን ያልነካ የንፍፊት ቲቢ በአብሮ መብላትም ሆነ በአብሮ መጸለይ እንደማይተላለፍ ይንገሯቸው።

ስለ ጾሙ፣ ኅሊናዎ መጠንቀቁ መልካም ነው። መድኃኒት ከነውኃው የሚወሰደው ለመብል ደስታ ሳይሆን ለደዌ ፈውስ ነው፤ ጾምን የሠራች ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ትራራለች። ሪፋምፒሲን በባዶ ሆድ ሲወሰድ በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም ስለሚገባ ብዙ ጊዜ ማለዳ ከምግብ በፊት እንዲዋጥ ይታዘዛል፤ ሰዓቱን ግን ሐኪሙን ሳይጠይቁ አያዛውሩ። የጾሙን መጠንና የቍርባን ቀንዎን በተመለከተ የታዘዘልዎን መድኃኒት ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ፤ እርሱ እንደ አቅምዎ ይወስንልዎታል።