መኪናዬ አልነሳ አለች፤ ሴንሰር ነው ወይስ ሌላ? (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ «መኪናዬ አትነሳም፣ ጋራዥ ሴንሰር ነው አሉኝ፣ ልግዛ?» እኔ ዓለም ገና አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን መኪና አጥብቆ ይዟል፤ ያረጀ መኪና ደግሞ ሴንሰሩም አብሮ ያረጃል። የሚያናድደኝ ግን ደህናው ሴንሰር እየተፈታ መጣሉ ነው። ከደረሱኝ ውስጥ ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን እነሆ።

ከሱሉልታ፦ ቪትዝ አለችኝ። ጠዋት ባንድ ቁልፍ ትነሳለች። የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ግን ድንገት ትጠፋና አልነሳም ትላለች። ትንሽ አቁሜ ስሞክራት ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። የነዳጅ ፓምፕ አስቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

ጠባዩ የክራንክ ሻፍት ሴንሰር ይመስላል። ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) መዞሩንና የት ላይ እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው እሱ ነው። እሱ ዝም ካለ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለዋል፤ ካንዴላው እሳት አይሰጥም፣ ኢንጀክተሩም ቤንዚን አይረጭም። ያንተ ሴንሰር ባለ 2 ሽቦ ነው፣ ውስጡ ቀጭን የመዳብ ጥቅል አለ። ጥቅሉ ሲያረጅ፣ ሙቀት ሲበዛበት ይላቀቅና ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል። ጠዋት ጋራዥ ብትወስዳት ደህና ሆና የምትገኘው ለዚህ ነው።

ግን ገና አትግዛ። እንደገና ስትጠፋብህ እዚያው ሞተሪኖውን እያዞርክ የአርፒኤሟን (የሞተር ዙር መቁጠሪያዋን) ቀስት እያት። ትንሽ ብትነቃነቅ ሴንሰሩ እየሠራ ነው፣ ችግሩን ነዳጅና እሳት ላይ ፈልግ። አንዳንድ መኪና ላይ ቀስቷ በደህናም ጊዜ አትነቃነቅም፤ ስለዚህ ስካነር (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ቢኖር ይሻላል። ሞተሪኖው ሲያዞር በደቂቃ ከ150 እስከ 250 ዙር ገደማ ማንበብ አለበት። ድርቅ ያለ ዜሮ ካነበበ ወይ ሴንሰሩ ነው ወይ መስመሩ። ሌላም መንገድ አለ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከፑሊው አጠገብ ዝቅ ብሎ ያለውን ሴንሰር በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዘው። ወዲያው ከተነሳች ጥፋተኛው ታወቀ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬን አጋዡ ያጠራቀመው ጉልበት ለአንድ ሁለት ርግጫ ብቻ ነው የሚበቃው፤ ከዚያ ፍሬኑ ይደድራል፣ መሪውም ይከብዳል። ፍሬኑን አትደጋግም፤ አንዴ ረግጠህ ይዘህ ወደ ዳር አውጣት። እስክትሠራ ድረስ ደግሞ ያንን መንገድ ተወው።

ከቡራዩ፦ ልጄ፣ መኪናዬን ላቫጆ ሞተሯን ጭምር አሳጠብኳት። ከዚያ ወዲህ አትነሳም። ሁለት ሴንሰር ተቃጥሏል አሉኝ። እውነት ነው?

እናቴ፣ ገንዘብዎን ያቆዩት። ታጥባ የቆመች መኪና መጀመሪያ የምትፈልገው መድረቅ ነው። በኃይል የተረጨ ውሃ የሴንሰር ሶኬት ውስጥ ይገባል፣ ከቦቢናዎቹ (ለካንዴላው እሳት ከሚልኩት) ሥር ያለው የካንዴላ ጉድጓድም ውሃ ይይዛል። የባትሪውን ነጌቲቭ አስፈትተው፣ ሶኬቶቹንና ቦቢናዎቹን አስነቅለው፣ ኮፈኑን ከፍተው ፀሐይ ላይ ያውሏት። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ከታየ በኮንታክት ማጽጃ ይጸዳል። እስከዚያው ሞተሪኖውን አያስጨንቁት፤ ባንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዝ። ከደረቀች በኋላም እምቢ ካለች ያን ጊዜ ሴንሰር እንጠርጥር።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ስካነር ፒ0335 አወጣ። የክራንክ ሴንሰር ቀየርኩ፣ ተመልሶ መጣ። ሌላ ቀየርኩ፣ አሁንም እሱው።

ኮዱ «ሴንሰሩ ሞቷል» አላለም። «የክራንክ ሴንሰር መስመር ላይ ችግር አለ» ነው ያለው። መስመር ማለት ሴንሰሩ፣ ሶኬቱ፣ ሽቦው፣ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ያለው ሁሉ ነው። ሁለት ሴንሰር ተቀይሮ ያው ኮድ ከመጣ እኔ ሽቦውን ነው የምከተለው።

አንዲት ኮሮላ እንዲሁ ሦስተኛ ሴንሰር ሊገዛላት ሲል እኔ ጋ መጣች። ሶኬቱን ነቅዬ በቴስተር ከኮምፒውተሩ ጫፍ ስለካ አንዱ ሽቦ አይገናኝም። የሽቦውን ልባስ ስገልጥ አይጥ ፕላስቲኩን በልታ፣ መዳቡ በሁለት ክር ብቻ ተንጠልጥሏል፤ አጠገቡ የጤፍ ገለባ ተጎዝጉዟል። መኪናዋ የምታድረው እህል ከሚቀመጥበት ክፍል ጎን ነበር። ሽቦው ተበየደ፣ ተነሳች። አንተም ግቢህ ውስጥ ሳር ወይ እህል ካለ ኮፈኑን ከፍተህ በደንብ እይ።

ሲለካ አንድ ጥንቃቄ፦ ባለ 2 ሽቦው ሴንሰር በኦም ይለካል፤ እንደ ሞዴሉ ከጥቂት መቶ እስከ ከ2,000 በላይ ኦም ያነባል። ባለ 3 ሽቦው ግን በኦም አይፈረድበትም፤ መብራት (ፖዘቲቭ) እና መሬት (ነጌቲቭ) መድረሱ፣ ከዚያ ሲግናሉ ነው የሚታየው።

ከገላን፦ ጠዋት አልነሳ ስትለኝ ኦክስጅን ሴንሰር ቀይር አሉኝ።

አትቀይር። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ኮምፒውተሩ ኦክስጅን ሴንሰሩን (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን) አይሰማውም። ነዳጅ ሊያስበላህ ይችላል እንጂ መነሳት አይከለክልህም። ባትሪህን አስለካ፦ አድሮ 12.6 ቮልት ገደማ ይሁን፣ ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች አይውረድ።

ከለገጣፎ፦ በጥቅምት ብርድ ጠዋት ብዙ አሽከርክሬ ነው የምትነሳው። ከሞቀች በኋላ ግን ችግር የላትም።

የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ጠርጥር። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፤ መጠኑን ኮምፒውተሩ የሚወስነው በዚህ ሴንሰር ቃል ነው። ፍተሻው ቀላል ነው፦ መኪናዋ ውጭ አድራ፣ ጠዋት ሳታስነሳት ስካነር ሰክተህ የውሃውንና የሚገባውን አየር ሙቀት አነጻጽር። ሌሊቱን የቆመ ሞተር ላይ ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አየሩ 8 ዲግሪ ሆኖ ውሃው 60 ካለ ሴንሰሩ ዋሽቷል። ከዜሮ በታች 40 ካነበበ ደግሞ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ሶኬቱ ወልቋል።

ከሰበታ፦ ሞተሩ ሳይነሳ ማፕ ሴንሰሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው) 76 ኪሎ ፓስካል ያነባል። ዩቲዩብ ላይ 100 መሆን አለበት ይላሉ። ተበላሽቷል?

ጤነኛ ነው። 100 የሚባለው ለባሕር ጠረፍ ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው። እዚህ 100 ቢያነብ ነበር የምጠረጥረው።

ከአቃቂ፦ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ፤ የትኛውን ሴንሰር ላስቀይር?

ጋሼ፣ የእርስዎ በካርቡሬተር ነው የምትሠራው፣ የምንነጋገርበት ሴንሰር የላትም። ካርቡሬተሩንና ዲስትሪቢዩተሩን ያስዩ።

ከጀሞ፦ ሴንሰሩ መበላሸቱን አረጋግጫለሁ። ሶማሌ ተራ አዲስ ኮፒና ያገለገለ ኦሪጅናል አለ። የቱን ልግዛ?

ለክራንክ ሴንሰር ከሆነ እኔ ያገለገለውን ኦሪጅናል እመርጣለሁ፤ ኮፒው ሲሞቅ ይከዳል። አሮጌውን ፈትተህ ይዘህ ሂድ፣ የጀርባውን ቁጥር ከነመጨረሻ ፊደሉ አመሳስል፣ እዚያው በቴስተር አስለካ። መልክ ብቻ አይበቃም፤ በርዝመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለያይ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ከሚዞረው ጥርስ ይርቅና ሲግናል አይሰጥም።

ስትገጥም የባትሪውን ነጌቲቭ ፍታ። የድሮውን ጎማ ቀለበት ጉድጓዱ ውስጥ ረስተህ አዲሱን አትደርብበት። ጫፉ ማግኔት ስለሆነ ብናኝ ብረት ይሰበስባል፣ ጥረገው። ዘይት ቀባ አድርገህ በእጅ ግፋው፣ በመዶሻ አይመታም። ብሎኗ ትንሽ ናት፣ ከልክ በላይ አታጥብቃት።

ከአያት፦ ሴንሰሩን ቀየርኩ፣ መኪናዋ ትነሳለች፣ ግን የቼክ ኢንጅን መብራቱ አልጠፋም።

በስካነር አስጠፋው፤ ወይም ንዳት፣ ችግሩ በተከታታይ 3 የፍተሻ ጉዞ ካልታየ ራሱ ይጠፋል። ተመልሶ ከበራ ቁጥሩን ላክልኝ። ፒ0016 (የክራንክና የካም ሻፍቱ አቀማመጥ አልገጠመም የሚል ኮድ) ከሆነ ግን ሴንሰር አትግዛ፤ የዘይቱን ሁኔታና የታይሚንግ ሰንሰለቱን ነው የምናየው።