«ቅናሹ ገና ነው»፦ ስለ ማስታወቂያ አጻጻፍ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ የቤት ዕቃ መሸጫ አለኝ። ለገና በዓል «ቅናሹ ገና ነው!» የሚል ትልቅ ባነር በር ላይ ሰቀልኩ። የገባው ሰው ሁሉ «ታዲያ መቼ ነው የሚጀምረው?» እያለ ወጣ። እኔ እኮ ሰምና ወርቅ መሥራቴ ነበር። ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? (ከደሴ)

መልስ፦ ደንበኞችዎ በትክክል ነው ያነበቡት። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «አልደረሰም» ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። በሰዋስው መጻሕፍት የሚጠብቀውን ፊደል ከላይ በነጥብ ማመልከት አለ፤ በመንገድ ላይ ግን ያንን የሚያስተውል የለም። አንባቢ ሁለት ንባብ ሲቀርብለት አፉ የለመደውን ይይዛል። «ምሳ ደረሰ?» «ገና ነው።» ይህን በቀን ስንቴ እንላለን!

ከዚያ የከፋው ደግሞ ሁለቱ ትርጉሞች መጣላታቸው ነው። አንዱ «ና» ይላል፣ ሌላው «ቆይ»። በደህና ኅብረ ቃል (ሁለት ትርጉም ባዘለ ቃል) ሰሙም ወርቁም ገዢውን ወደ አንድ በር ነው የሚመሩት። በተጨማሪም በቅኔ ማኅሌት ያለ ሰው ወርቁን ለመፈልቀቅ ትዕግሥት አለው፤ በታክሲ የሚያልፍ ሰው ያለው ሦስት አራት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ወርቁን ያላገኘ ሰው እንኳ በሰሙ ብቻ ምን እንደሚሸጥ ሊገባው ይገባል።

ለባነሩ ጥገናው አንዲት ፊደል ናት፦ «የገና ቅናሽ» ወይም «ለገና ቅናሽ»። «የ» ወይም «ለ» ስትቀድም ማንም አላልቶ አያነበውም። ከሥሩ «ከታኅሣሥ 15 እስከ 27» ብሎ ቀኑን መጻፍ ነው።

ቃል መጫወት ካማረዎት ግን ከበዓሉ ሳይሆን ከዕቃው ይነሡ። የሚሸጡትን ነገር ስም ይጻፉና በመዝገበ ቃላትም በሰው አፍም ያለውን ትርጉም ሁሉ ከሥሩ ይደርድሩ። «አልጋ» መኝታ ነው፤ ዙፋንም ነው። እንግዲህ «አልጋ ለመውረስ የንጉሥ ልጅ መሆን አያስፈልግም» ሊሉ ይችላሉ። በሁለቱም ትርጉም አነባበቡ አንድ ስለሆነ በሬዲዮም በባነርም ይሠራል። ግን ቆም ይበሉ፤ «መውረስ» ሦስተኛ ትርጉም አለው። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የትርፍ ቤት አዋጅ ቤቱ የተወረሰበት ቤተሰብ ይህን ቃል እንዴት እንደሚሰማው ያስቡት። አለዚያም «ከሟች የተረፈ አልጋ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። «አልጋ ወራሽ ለመሆን የንጉሥ ልጅ መሆን አያስፈልግም» ቢሉ ግን «አልጋ ወራሽ» የታወቀ ማዕረግ ስለሆነ ሐሳቡ ወደዚያ አይሄድም። ሰሙን የሚጠብቀው ደግሞ ሥዕሉ ነው፦ አንድ አልጋ፣ ዋጋው፣ ሌላ ምንም። ዘውድ አያስሥሉበት፤ ወርቁን እርስዎ ከፈቱት ለአንባቢው ምን ቀረው?

ከማሳተምዎ በፊት ጽሑፉን በወረቀት ለአምስት ሰው ሦስት ሦስት ሰከንድ ብቻ ያሳዩና ይሸፍኑት። «ወደድከው?» ብለው አይጠይቁ፤ ሰው ይሉኝታ አለው፣ «ጥሩ ነው» ይልዎታል። «ምን ይሸጣል?» ብለው ይጠይቁ። ከአምስቱ ሁለቱ ካላወቁት አረፍተ ነገሩን ይጣሉት። ከአምስቱ አንዱ በዕድሜ የገፋ ሰው ቢሆን መልካም ነው፤ ሦስተኛውን ትርጉም የሚያወጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የሬዲዮ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነኝ። ደንበኞች በ30 ሰከንድ የድርጅቱን ስም፣ የዕቃውን ዝርዝር፣ ሦስት ስልክ ቁጥርና አድራሻ አስገባ ይሉኛል። «አንቺ! ይህን የመሰለ ሶፋ ከየት ገዛሽው?» ከሚለው ጭውውትስ እንዴት ልውጣ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለደንበኛው የሚከራከሩት በሰዓት መቁጠሪያ ይሁን። ባለ 10 አኃዝ ስልክ ቁጥር ተሰሚ ሆኖ ሲነበብ 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሦስቱ 15 ሰከንድ፤ የከፈለበት አየር ግማሹ ሄደ ማለት ነው። እስክሪብቶ ይዞ ሬዲዮ የሚሰማ ደግሞ የለም። ከስልክ ይልቅ «ከስታዲየም ፊት ለፊት» የሚል ምልክት በጆሮ ይቀራል።

ለ30 ሰከንድ 75 ቃል የሚለው የእንግሊዝኛ ልክ ለእኛ አይሆንም። «አያስፈልግዎትም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው። ከ45 እስከ 50 ቃል ይጀምሩ፤ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ 27 ሰከንድ ላይ ካላለቀ ይቁረጡ። የቀረው 3 ሰከንድ ለድምፅና ለትንፋሽ ነው። አንባቢውን «ፍጠን» ብሎ ማስገባት የተለመደ መፍትሔ ነው፤ በታክሲ ውስጥ ግን ከሞተሩ ጩኸት ጋር ተደባልቆ ምንም አይሰማም።

ስለ ጭውውቱ፦ ያ ንግግር የሚሰለቸው ሁለቱ ሰዎች የሚፈልጉት ነገር ስለሌለ ነው። አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ብሮሹር ታነባለች። ጎረቤቷን ስልክ ቁጥር እያስደገመች የምታወራ ሴት የት ታውቃለህ ይላል ሰሚው። አንዱ የሚፈልገውን ሌላው ይከልክለው፣ ወይም አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አይወቅ። ለምሳሌ፦

(ሌሊት። የሚንቋቋ ድምፅ።)
ሚስት፦ (በሹክሹክታ) ሌባ ገባ መሰለኝ!
ባል፦ ዝም ብለሽ ተኚ። እኔ ነኝ የተገላበጥኩት።
(እንደገና ይንቋቋል።)
ሚስት፦ አሁንስ?
ባል፦ አሁንማ አልጋው ነው።

ይህ 10 ሰከንድ አይሞላም። ቀሪው የተራኪ ነው፦ ስም፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ ዋጋ፣ ቦታው፣ እንደገና ስም። ባልና ሚስቱ የሱቁን ስም አይጥሩ፤ ከጠሩ ሰሚውን ያጣሉ። ስቱዲዮ ከመግባትዎ በፊት ደግሞ በስክሪፕቱ ላይ የሚጠብቀውን ቃል ያስምሩበት። «አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» አንባቢው የሚያውቀው እርስዎ ከነገሩት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። አንድ የቡና ድርጅት የእንግሊዝኛ መፈክሩን ወደ አማርኛ እንድመልስለት ጠየቀኝ። «የአንተ ቀን ከአንተ ስኒ ይጀምራል» ብዬ ባቀርብ የሐበሻ ደንበኞቹ ሳቁበት። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የሳቁት መጀመሪያ «አንተ» በመባላቸው ሳይሆን አይቀርም። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል አለው፤ እርስዎ ግን ከአንተ፣ ከአንቺ፣ ከእርስዎና ከእናንተ መምረጥ አለብዎ። «አንተ» ካሉ ሴቶቹንም እናቶቹንም አስወጡ። መውጫው በብዙ ቁጥር መጥራት («ጠጡ»)፣ አክብሮ መጥራት («ይጠጡ») ወይም ጭራሽ ሰው ሳይጠሩ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ችግር ጠለቅ ይላል። ያ መፈክር ጠዋት ብቻውን ስኒ ይዞ ስለሚወጣ ሰው ነው። የእኛ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ጎረቤት የሚጠራበት ነው። «ኑ ቡና ጠጡ» የሚለው ግብዣ ራሱ ከማንኛውም መፈክር ይበልጣል። ስለዚህ የሚመለሰው አረፍተ ነገሩ ሳይሆን ትእዛዙ ነው፦ ገዢው ይህን አንብቦ ምን እንዲያደርግ ነው የተፈለገው? ይህን በአንድ መስመር ይጻፉ፤ እንግሊዝኛውን ከፊትዎ ያንሡ፤ ከዚያ 20 መስመር በአማርኛ ይሞክሩ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰው ሁሉ የሚላቸው ይሆናሉ፤ አይደንግጡ።

ለዚህ የማውቀው ጥሩ ምሳሌ የቱሪዝማችን መፈክር ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለውጭ ጎብኚ ያወጡት የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን የሚል ነበር። በአማርኛ ግን «የ13 ወር ፀጋ» ሆነ። ለአውሮፓዊ ፀሐይ ስጦታ ናት፤ ዝናብ ለሚጠብቅ ገበሬ ግን ፀሐይን እንደ በረከት መሸጥ ያስቸግራል። ቃሉ ተለወጠ፣ ሐሳቡ ግን ሳይለወጥ ቆየ። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ የደረሰ ጎብኚ ስለ ፀሐዩ ሊከራከር ይችል ይሆናል፤ 13ቱን ግን ማንም አይነካውም፤ የዘመን አቆጣጠራችን እውነት ነውና። በ2008 ዓ.ም. የመጣው «ምድረ ቀደምት» የሚለው የቱሪዝም መፈክርም በተመሳሳይ መንገድ የግእዝ ወዝ ያለው ነው እንጂ የእንግሊዝኛው ቃል በቃል ቅጂ አይደለም።

ጥያቄ፦ በስልኬ የምቀርጻቸው ማስታወቂያዎች በአምፖል ብርሃን ሲሆኑ ጥቁር መስመር ይሮጥባቸዋል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ ስልኮች የሚቀርጹት በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ነው፤ ሁለቱ ስለማይገጣጠሙ መስመሩ ይፈጠራል። በሴቲንግ 25 ፍሬም ያድርጉት። ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) መቆጣጠር የሚያስችል መተግበሪያ ካለዎት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ይቆልፉት። አሁንም ካልጠፋ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ነው፤ አምፖሉን ይቀይሩ ወይም ወደ መስኮት ይጠጉ።

ጥያቄ፦ ቢልቦርድ ላይ «ቤት» ብዬ የጻፍኩትን ሰዎች «ቢት» ብለው ያነባሉ። ኮምፒውተር ላይ ግን ደህና ነው። (ከአዳማ)

መልስ፦ ፎንቱን በጣም አደለቡት። በ«ቤ» እና በ«ቢ» መካከል ያለው ልዩነት በቀኝ እግር ጫፍ ላይ ያለች ቀለበት ናት፤ በደማቅ ፎንት ላይ ጠርዝ ሲጨመርበት ቀለበቷ ትደፈናለች። «ሌ» እና «ሊ»ም እንዲሁ። ጠርዙን ያንሡ፤ መካከለኛ ውፍረት ይጠቀሙ። ለላቲን ፊደል የተለመደው ልክ ለየ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ነው፤ በግእዝ ፊደል አናባቢዋ የፊደሉ ትንሽ ክፍል ስለሆነች አንድ ተኩል እጥፍ ያድርጉት። ከ60 ሜትር የሚነበብ ከሆነ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ማተሚያ ቤት ከመላክዎ በፊትም ጽሑፉን ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል) ይቀይሩት፤ አለዚያ የእነሱ ኮምፒውተር ፎንቱን ካላገኘ ባዶ አራት ማዕዘን ታትሞ ይመጣልዎታል።